ትንሽ ንግድ ስትከፍቱ፣ የሕጉን ጣጣ በየተራው እንዴት እንደምትጨርሱት

ካፌ ይሁን ልብስ ስፌት፣ ሞባይል ጥገና ይሁን ሚኒ ማርኬት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ንግድ የጀመረ ሰው የሚያነሳቸው የሕግ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ፈቃዱን በማን ስም ላውጣ? አከራዬ ድንገት ውጣ ቢለኝስ? ሠራተኛዬን ማሰናበት እችላለሁ? ዱቤ የወሰደው ሰውዬ ስልክ አያነሳም፣ ምን ላድርግ? ችግሩ ጥያቄው የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትሰሙት "ወረቀት አለ?" የሚል ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ገና ሳትከፍቱ ጀምሩት። ከፍታችሁም ከሆነ የጎደለውን እየለያችሁ አሟሉ።

1. በማን ስም እንደምትነግዱ ወስኑ

በግል ስም ማውጣት ፈጣን ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ግን አንድ ነገር እወቁ። በግል ስትነግዱ በሱቁና በቤታችሁ መካከል ግድግዳ የለም። ሱቁ ዕዳ ውስጥ ከገባ ባለዕዳው እናንተ ናችሁ፣ መኪናችሁም ቤታችሁም ሊነካ ይችላል። ባለትዳር ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ የሁለት ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። አዎ፣ 500 ብር። ዛሬ ብዙ ነገር የማይገዛ ብር ነው፣ ሕጉ ላይ ግን እንደተጻፈ አለ። ስለዚህ የትዳር ጓደኛችሁ ሳታውቅ ወይም ሳያውቅ የሥራ ብድር አትፈርሙ።

ዕዳው ከድርጅቱ እንዳያልፍ ከፈለጋችሁ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ማለትም ፒኤልሲ፣ ታቋቁማላችሁ። ከ2 እስከ 50 አባል ይይዛል፣ ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። ድሮ ብቻውን የሚሠራ ሰው ሁለተኛ አባል ስለሚያስፈልገው እናቱን ወይም ወንድሙን በትንሽ ድርሻ ያስገባ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ወንድሙ ውጭ ሄዶ አንድ ፊርማ ሲጠፋ ባንክም ብድርም ይቆማል። አሁን ይሄ አያስፈልግም። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቅዷል። ግን ፒኤልሲ የሒሳብ መዝገብ ይፈልጋል፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ከሆነ እኔ በግል ስም ጀምሩ ነው የምለው። ብድር ሲበዛና ሠራተኛ ሲጨምር ትቀይራላችሁ።

ከጓደኛ ጋር ከሆነስ? "እኔ ገንዘብ፣ አንተ ጉልበት" የሚባለው ሽርክና የስንቱን ወዳጅነት እንደበላ እናንተም ታውቃላችሁ። አብራችሁ ልትሠሩ ከሆነ መመሥረቻ ጽሑፍ ጻፉና አስመዝግቡ። ከሁሉም በላይ እነዚህን ጻፉ፦ ማን ምን አዋጣ፣ ባንክ ላይ ማን ይፈርማል፣ ትርፍ መቼ ይከፈላል፣ አንዱ ልውጣ ሲል ድርሻው በምን ይገመታል። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ጠቡ የሚነሳው ግን እሷ ላይ ነው።

የሰው ንግድ ፈቃድ ተውሶ ወይም ተከራይቶ መሥራት የሚባል ነገር አለ። አትሞክሩት። ሕጉ ይከለክለዋል። ከዚያም በላይ ግብሩ የሚመጣው በፈቃዱ ባለቤት ስም ነው፣ የሱቁ ገቢም በወረቀት የእሱ ነው። ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ።

2. ቤት ስትከራዩ

የሱቅ ኪራይ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። በ2016 የወጣው የኪራይ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1320/2016) ተከራይን ከዘፈቀደ ጭማሪና ከድንገተኛ ማስወጣት እንደሚጠብቅ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ልክ ነው። ግን ያ ሕግ የመኖሪያ ቤት ነው። ሱቃችሁን፣ ቢሯችሁን፣ መጋዘናችሁን አይነካም። የንግድ ቤት ላይ የሚጠብቃችሁ የፈረማችሁት ውል ነው። ውሉ ላይ የሌለ ነገር፣ ብዙ ጊዜ፣ የለም።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አከራዩን ካርታውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ስሙ የእሱ ካልሆነ ውክልናውን እዩ፣ ውክልናው ላይ "ማከራየት" የሚል ሥልጣን መኖሩንም አንብቡ። ቤቱ የወራሾች ከሆነ ሁሉም ይፈርሙ ወይም ለአንዱ ውክልና ይስጡት። የቀበሌ ቤት ተከራይቶ ለእናንተ የሚያከራይ ሰው ካጋጠማችሁ፣ በር ላይ ያለው የሰው ብዛት ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ እለፉት። ያ ሰው ራሱ አንድ ቀን እንዲወጣ ሊደረግ ይችላል።

ውሉ ላይ የሚገባው፦ ስንት ዓመት፣ ጭማሪ በስንት ጊዜ በስንት በመቶ፣ ልልቀቅ ወይም ልቀቅ ለማለት የስንት ወር ማስጠንቀቂያ፣ መብራትና ውሃ ማን ይከፍላል፣ በራሳችሁ ወጪ የሠራችሁት ሴራሚክ፣ ኮርኒስና መደርደሪያ ስትወጡ የማን ነው። አንድ ሰው ሙሉ ቁጠባውን ቤት ማሳመር ላይ ያፈሳል፣ ዓመት ሳይሞላ አከራዩ ኪራዩን እጥፍ ያደርገዋል። ውሉ ላይ የአንድ ዓመት ጊዜ ብቻ ካለና ስለጭማሪ ምንም ካልተባለ ክርክራችሁ ደካማ ነው። ቤት የምታድሱ ከሆነ ቢያንስ ወጪያችሁን የምትመልሱበት ያህል ዓመት ያዙ።

"የቁልፍ" ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ ካለ በውል ወይም በባንክ ዝውውር ይታይ። በፌስታል የተሰጠ ብር ፍርድ ቤት አይናገርም። ውሉ ላይ የሚጻፈውን ኪራይ ግብር ለመሸሽ ዝቅ አድርጋችሁ እንድትፈርሙ አከራዩ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እሺ ካላችሁ የምትከፍሉትን ሙሉ ኪራይ ወጪ ብላችሁ ማቅረብ አትችሉም፣ ጠብ ቢነሳም በእጃችሁ ያለው ወረቀት ውሸት ነው።

ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ወስዳችሁ አስመዝግቡት። ለፈቃድም ትጠየቁበታላችሁ።

3. ምዝገባ፣ ፈቃድ፣ እድሳት

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ፋይዳ መታወቂያ፣ ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ)፣ የንግድ ምዝገባ፣ ከዚያ ፈቃድ። ብዙው አሁን በኦንላይን ያልቃል። አንዳንድ ሥራ ግን ከፈቃዱ በፊት የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ትምህርት ነክ ነገር ከሆነ መጀመሪያ ይህን አጣሩ፣ ቤት ተከራይታችሁ ወር ሙሉ ባዶ እንዳትከፍሉ።

የፈቃዱ መደብ ከምትሠሩት ሥራ ጋር መግጠም አለበት። የልብስ መሸጫ ፈቃድ ይዛችሁ ጎን ለጎን ሞባይል ብትሸጡ ያለፈቃድ እንደመነገድ ነው። ፈቃዱን ደግሞ ሰው በሚያየው ቦታ ስቀሉት። መሳቢያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ክርክር ያመጣል።

እድሳት ያለቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ከጥር 1 በኋላ በቅጣት ነው። ለማደስ የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚያሳይ ወረቀት፣ ስለሚያስፈልግ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የሚሮጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ሰልፍ ይጠብቀዋል። ጥቅምት ላይ ጨርሱትና ዕረፍት አግኙ።

ሥራው ካልሆነላችሁስ? በር ዘግቶ መሄድ መዝጋት አይደለም። ይሄ ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚገባበት ጉድጓድ ነው። ፈቃዱን ካልመለሳችሁ በመዝገብ ነጋዴ ናችሁ፣ ግብርና ቅጣት ይቆጠራል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሥራ ልጀምር ብላችሁ ስትሄዱ ሁሉም በአንዴ ይወጣል። ስትዘጉ ለገቢዎች አሳውቁ፣ ክሊራንስ ውሰዱ፣ ፈቃዱን መልሱ፣ የመለሳችሁበትን ደብዳቤ አስቀምጡ።

4. ግብርና ደረሰኝ

በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ (አዋጅ ቁጥር 1395/2017) ትንንሽ ነጋዴዎች ይመደቡበት የነበረው ደረጃ ሐ ቀርቷል። በግል የሚነግድ ሰው ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች ከሆነ ደረጃ ለ ነው፣ 2 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ከሆነ ደረጃ ሀ። ፒኤልሲ ከሆናችሁ ሽያጩ ትንሽም ቢሆን ደረጃ ሀ ናችሁ። ደረጃ ለ የሚከፍለው በጠቅላላ ሽያጩ ላይ ተሰልቶ ነው። ደረጃ ሀ ግን መዝገብ ይይዛል፣ ወጪውን በደረሰኝ እያሳየ ይቀንሳል። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ወጪ አይደለም። ርካሽ ነው ብላችሁ ያለደረሰኝ የገዛችሁት ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ግብር ሆኖ ይመጣል።

ቫት ከተመዘገባችሁ 15 በመቶው የእናንተ ብር አይደለም። ለይታችሁ አስቀምጡት። ኪራይ ጎድሏችሁ ከእሱ ከነካችሁ ከወር ወር እየተንከባለለ ይሄዳል።

ደረሰኝ ሳይቆርጡ መሸጥ ላይ ያለው ቅጣት ለእያንዳንዱ ሽያጭ ነው፣ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ መሆኑ አያድናችሁም። ገንዘብ ተቀባይዋን ይህን ንገሯት።

5. ሠራተኛ ስትቀጥሩ

እዚህ ትንሽ ልቆይ። ትንንሽ ነጋዴዎች ፍርድ ቤት የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

መጀመሪያ ውል። በቃል መቅጠር ይቻላል። ግን በቃል ከቀጠራችሁ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለባችሁ። ወረቀት አለመኖሩ ሠራተኛውን መብት አያሳጣውም። የሚጎዳው እናንተን ነው፣ ምክንያቱም ደመወዙ ስንት እንደነበር፣ መቼ እንደገባ የእሱን ቃል የምታስተባብሉበት ነገር አይኖራችሁም።

"የስድስት ወር ውል እያደስኩ ብሠራስ?" ይህ በየቀኑ የሚጠየቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል። የተወሰነ ጊዜ ውል የሚፈቀደው ለተወሰኑ ምክንያቶች ነው፤ ፈቃድ የወጣ ሰው ለመተካት፣ ለአንድ ለተለየ ሥራ፣ ለድንገተኛ ሥራ። ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ካፌ አስተናጋጁን በየስድስት ወሩ ቢያስፈርመው ወረቀቱ ሰውየውን ጊዜያዊ አያደርገውም።

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ እሱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሙከራ ጊዜ ካልተስማማችሁ ያለማስጠንቀቂያና ያለካሳ ትለያያላችሁ። ስልሳ አንደኛው ቀን ላይ ግን ቋሚ ነው። ስለዚህ ስልክ ላይ አላርም ሙሉ።

ሥራው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ነው፤ ቀን 1.5፣ ሌሊት 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 እጥፍ። ፋሲካን ሲሠራ ለዋለ አስተናጋጅ "ዶሮ አብልቼዋለሁ" መልስ አይሆንም። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ከነደመወዙ፣ ለአባትየው 3 ቀን።

አሁን ሒሳቡን እንየው። በ8,000 ብር ሠራተኛ ቀጠራችሁ እንበል። የጡረታ መዋጮ እናንተ 11 በመቶ፣ እሱ 7 በመቶ ነው። ከእናንተ 880 ብር፣ ከእሱ 560። የሥራ ግብሩ በአሁኑ ሠንጠረዥ 1,150 ብር ይሆናል (እስከ 2,000 ነፃ፣ የሚቀጥለው 2,000 በ15፣ የሚቀጥለው 3,000 በ20፣ የቀረው 1,000 በ25 በመቶ)። እጁ የሚደርሰው 6,290 ብር ነው። እናንተን የሚያስወጣችሁ 8,880። ስትቀጥሩ "8,000 የተጣራ ነው ወይስ ያልተጣራ?" የሚለውን ውሉ ላይ በግልጽ ጻፉ። አንድ ቃል ናት፣ በወር ከ1,700 ብር በላይ ልዩነት አላት።

ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ ላይ ተያዥ፣ ማለትም ዋስ፣ እናስፈርማለን። ብዙው የተያዥ ወረቀት "ለሚያጠፋው ሁሉ ተጠያቂ ነኝ" የሚል ነው። ይህ ወረቀት ዋጋ የለውም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ አይጸናም። "እስከ 200,000 ብር ድረስ" ብላችሁ ጻፉ፣ ቁጥሩ የእናንተ ነው፣ ግን ቁጥር ይኑር።

ካዝና ቢጎድልስ? ያለሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት፣ ወይም ሕግ፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልኖረ ከደመወዝ መቁረጥ አይቻልም። ቢቻልም በወር ከደመወዙ ሲሶ አይበልጥም።

ማሰናበት ደግሞ እንዲህ ነው። "ነገ እንዳትመጣ" የሚባል ሕጋዊ መንገድ የለም። ሕጉ ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ምክንያቶችን ዘርዝሯል፤ በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው 8 ጊዜ ማርፈድ ወይም በድምሩ 5 ቀን ከሥራ መቅረት፣ ስርቆት፣ ጠብ የመሳሰሉት። ግን ምክንያቱን ካወቃችሁ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ መወሰን አለባችሁ። ካለፈ አለፈ። ስለዚህ ሲያረፍድ ቆጣ ብሎ ማለፍ ሳይሆን ደብዳቤ ስጡት፣ ቅጂው ላይ አስፈርሙት፣ አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይፈርሙ። ስምንተኛው ማርፈድ ላይ አንድም ወረቀት ከሌላችሁ ሰውየው በሰዓቱ ሲገባ እንደነበረ ነው የሚቆጠረው።

ያን ሁሉ ሳታደርጉ የ8,000 ብሩን ሠራተኛ ሦስት ዓመት ከሠራ በኋላ ብታባርሩት፣ ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ካለና ወደ ሥራ ካልተመለሰ፣ የሚመጣው እንዲህ ነው። ካሳ የ180 ቀን ደመወዝ፣ ወደ 48,000 ብር። የማስጠንቀቂያ የሁለት ወር፣ 16,000። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሩት ሁለት ዓመታት ለእያንዳንዱ ሲሶ፣ ወደ 13,300። በድምሩ 77,000 ብር ያልፋል፣ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓትና የዓመት ፈቃድ ሳይጨመር። ሠራተኛ በሥራ ጉዳይ ሲከስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ ስለዚህ "ገንዘብ የለውም፣ አይከሰኝም" ብላችሁ አትተኙ።

6. ዱቤ፣ ብድርና ቼክ

ዱቤ ሳይሰጡ ሰፈር ውስጥ መነገድ ከባድ ነው፣ አትስጡ አልልም። ግን ደብተሩ ላይ የእናንተ ጽሕፈት ብቻ አይኑር። ደንበኛው ቀኑን፣ ዕቃውን፣ ዋጋውን አይቶ ይፈርም። ቴሌግራም ላይ "10,200 አለብህ" ብላችሁ እሱ "እሺ ለደመወዝ" ቢል ያም ከምንም ይሻላል።

ጥሬ ገንዘብ ስታበድሩ ግን ሕጉ ጠበቅ ይላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም። ወይ ጽሑፍ፣ ወይ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ማመኑ ወይም መሐላ ነው። እና ሦስት ሰው ፊት ስሰጠው አይተዋል ማለት አያስኬድም። ወረቀቱን ጻፉ፣ ሁለት ምስክር ይፈርሙ፣ ገንዘቡ በባንክ ይለፍ። ወለድ ከ9 በመቶ በላይ ከሆነ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ በግለሰቦች መካከል ከ12 በመቶ ማለፍ አይችልም። አራጣ ደግሞ የወንጀል ጉዳይ ነው።

ደረቅ ቼክ ቀልድ አይደለም። እያወቀ ስንቅ፣ ማለትም በሒሳቡ በቂ ገንዘብ፣ የሌለው ቼክ የጻፈ ሰው በወንጀል ሕጉ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስበት ይችላል። "ለመተማመኛ ነው፣ ባንክ አልወስደውም" ተብላችሁ ቀን የሌለው ወይም የወደፊት ቀን ያለው ቼክ ከተጠየቃችሁ አትስጡ። ቼክ ሲቀርብ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የወደፊት ቀን ቢጻፍበትም ተቀባዩ ነገ ጠዋት ባንክ ይዞት መሄድ ይችላል። ቼክ ተቀባይ ከሆናችሁ ደግሞ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ አቅርቡት። ከባንክ ሲመለስ ማኅተም ያለበትን ማረጋገጫ ሳትቀበሉ አትውጡ።

7. ስማችሁን ጠብቁ

ፈቃዱ ላይ ያለው የንግድ ስም ሌላ ነው፣ ዕቃችሁ ላይ ያለው የንግድ ምልክት ሌላ። በርበሬ አሽጋችሁ፣ ጫማ ሠርታችሁ በስም የምትሸጡ ከሆነ ምልክቱን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡ። ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። አስቀድሞ ያስመዘገበ ሰው ካለ ያሳተማችሁትን ማሸጊያ በሙሉ ልትጥሉ ስለምትችሉ ከማተማችሁ በፊት ይጣራ።

8. ደብዳቤ ወይም መጥሪያ ሲመጣ

ከገቢዎች የግብር ውሳኔ ከመጣ የደረሳችሁበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ። ካልተስማማችሁ ቅሬታ የምታቀርቡት በ21 ቀን ውስጥ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ከባለሙያው ጋር መነጋገር ቅሬታ ማቅረብ አይደለም፤ በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂው ላይ መቀበላቸውን የሚያሳይ ማኅተም አስመቱ።

የፍርድ ቤት መጥሪያ ከሆነ ሁለት ቀን ፈልጉበት፦ መልስ የምታስገቡበትና ቀጠሮው። አለመቀበል ወይም አለመሄድ ክሱን አያስቀርም፣ ጉዳዩ በሌላችሁበት ታይቶ ይወሰናል። ጠበቃ ጋር ስትሄዱ ውሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹን፣ የባንክ ስቴትመንቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዋናውን ሳይሆን ፎቶ ኮፒውን ስጡት። የሠራተኛ ክስ ከሆነ ደግሞ ሰውየው መቼ እንደወጣና መቼ እንደከሰሰ አስሉ። ወደ ሥራ ልመለስ ለሚለው ጥያቄ 3 ወር፣ ለደመወዝና ለትርፍ ሰዓት 6 ወር ነው ያለው። ጊዜው ካለፈ ይህን በመጀመሪያው መልሳችሁ ላይ አንሱት፣ እናንተ ካላነሳችሁት ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳላችሁም።